ሦስተኛው ደቂቃ

መስከረም 27

ለአጎቴ፣ ለጋሼ፤

ቤቱም ሰዉም ሰላም ይሁንልዎ። ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? ጆሮዎስ? እናቴ «አጎትሽ አሁንማ በር ሲንኳኳም አይሰማም» ብላኛለች። ለዚህ ነው እጄ እስኪዝል የምጽፈው። እርስዎን በስልክ ማነጋገር ከግድግዳ ጋር መጨቃጨቅ ነው፣ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል በሕይወት አለሁ ለማለት ነው። የቀረው ሁሉ እርር ድብን የሚያደርግ ነገር ነው፣ ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት በዚያች የጭነት አውሮፕላናችን ዓሣና የመኪና ጎማ ጭነን ነበር። ካፒቴኑ ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው፣ ረዳት አብራሪዋ እኔ ነኝ። አውሮፕላኗ ውስጥ አየር ሲሳሳ የሚጮህ ጥሩምባ አለ፣ እርስዎ ያውቁታል። ያ ጥሩምባ ከተበላሸ ወር አልፎታል። ሁለት ጊዜ መዝገቡ ላይ በእጄ ጽፌያለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከጎኑ «በሚቀጥለው ጥገና ይታያል» ተብሎ ተፈርሞበታል። የዚያን ቀን ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ልጽፍ ስል ካፒቴኑ እስክሪብቶዬን ከእጄ ቀማኝ። «አንቺ ልጅ፣ ዓሣው ይሸታል፣ እንሂድ» አለኝ። ተጨቃጨቅን። እየተጨቃጨቅን ተነሣን።

ለካ የኋላውን በር የሚያሽገው ጎማ ተሰንጥቆ አየር ያፈስ ኖሯል። ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ አይሰማም፣ አይሸትም። ሃያ አራት ሺህ ጫማ ላይ ካፒቴኑ ማንጎራጎር ጀመረ። እኔም ደስ አለኝ። ጋሼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የአየሩን ግፊት የሚያሳየው መሣሪያ ፊት ለፊቴ ነው፣ አይቼዋለሁ፣ ቁጥሩንም አንብቤዋለሁ፣ ግን ምንም አልመሰለኝም። የኦክስጅን ጭምብሉ ከጆሮዬ አጠገብ ተሰቅሏል፣ እጄን አላነሣሁም።

ያተረፈችን በሬዲዮ የምትመራን የበረራ ተቆጣጣሪ ናት። አቅጣጫ ቀይሩ ብላ የሰጠችኝን ቁጥር አራት ጊዜ አሳስቼ መለስኩላት፣ ምላሴም ይጎተት ነበር አሉ። ሴትዮዋ ነገሩ ገባት። «ወደ አሥር ሺህ ውረዱ! አሁኑኑ! ውረዱ!» እያለች ጮኸችብኝ። ለምን እንደምትጮህ ሳይገባኝ እጄ ታዘዘላት። አሥራ ሁለት ሺህ ላይ ራሴን ሳውቅ አናቴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፣ ካፒቴኑም ጉልበቱ ላይ አስመልሶ ነበር።

አሁን የሚያናድደውን ልንገርዎት። የድርጅቱ ሐኪም አስገብቶኝ «ቁርስ በልተሻል? የወር አበባሽ ላይ ነበርሽ? በተፈጥሮሽ ትፈሪያለሽ?» አለኝ። ካፒቴኑን የጠየቀው «ደህና ነህ?» ብቻ ነው። ከዚያ «የረዳት አብራሪዋ ሰውነት ከፍታ አይችልም» ብሎ ጻፈና የሕክምና ፈቃዴን አገደው። ያ ፈቃድ ከሌለኝ አውሮፕላን አጠገብም አልደርስም። ስለ ጥሩምባው አንዲት ቃል የለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!

መርማሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ታኅሣሥ 12 ቀን ይሰማኛል። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ተማሪ ሳለሁ እርስዎ ይሠሩበት በነበረው፣ አየር እያሳሱ አብራሪ በሚፈትኑበት የአየር ግፊት በርሜል ውስጥ ስፈተን የተሞላው ወረቀት እናንተ መዝገብ ቤት አለ። ሰውነቴ ከፍታን እንደማንም ሰው እንደሚችል፣ ሥልጠናዬንም በደንብ እንደጨረስኩ ያ ወረቀት ይመሰክርልኛል። ግልባጩን ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 19

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

የሰማዩ ጌታ እንዳወጣሽ እንዲሁ ያኑርሽ። ደብዳቤሽን ቆሜ ጀመርኩት፣ መሐል ላይ ተቀመጥኩ፣ መጨረሻው ላይ እንደገና ብድግ አልኩ። እናትሽ «ምን ሆነህ ነው የምትመላለሰው?» ብትለኝ ወገቤን አልኳት።

የወር አበባ? የወር አበባ ብሎ ጠየቀሽ? ይሄ ነው እንግዲህ ሐኪም! እኔ የሐኪም ትምህርት የለኝም፣ ከጧት እስከ ማታ ፓምፕ ሳንቀሳቅስ ጆሮዬን ያጣሁ ቴክኒሻን ነኝ። ቢሆንም ሃያ ስምንት ዓመት እዚያ የብረት በርሜል ውስጥ ቆሜ አየር ሲሳሳ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ከፍታ ወንድና ሴት አይለይም! ጎበዝና ሰነፍም አያውቅ! ቦክሰኛ የነበረ ልጅ እናቱን እየጠራ ሲያለቅስ አይቻለሁ። አንድ ኮሎኔል ስምህን ጻፍ ብለው ሦስት ጊዜ የሚስቱን ስም ጻፈ፣ ሲወጣ ደግሞ ጻፍኩ ያለው የራሱን ነው፣ ሊደበድበኝ ደረሰ። ሰውነቷ አይችልም ይላል እንዴ? የማንስ ሰውነት ይችላል? ያ ሐኪም እኔ ዘንድ ይምጣና በርሜሉን ልዝጋበት፣ ቁርስ መብላት አለመብላቱን ያን ጊዜ እጠይቀዋለሁ።

ለዚህ እኮ ነው ጭምብላችሁን የምናስወልቃችሁ። ሐኪሙ ውጭ በመስኮት እያየ፣ እኔ ጭምብሌን አድርጌ ከኋላችሁ ቆሜ፣ እናንተ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሳችሁ ትጽፋላችሁ። አንዱን ከንፈሩን ይወረዋል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ዙሪያው ይጨልምበታል። ምልክት እንደ ሰዉ ነው። የራሱን ምልክት አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሰማይ ላይ ሲመጣበት ያውቀዋል፣ ሳይዘገይ ጭምብሉን ይመዛል። ይሄን ለድርጅቱ ጻፊላቸው። በእኔ ስም ጻፊላቸው።

ውኃ ጠጪ። ጉንፋን ይዞሽ እንዳትበሪ፣ አሁን መብረር አልተፈቀደልሽም እንጂ ሲፈቀድልሽ ማለቴ ነው፣ ጆሮ ይቀደዳል። እንቅልፍሽንም አታጓድይ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ መዝገብ ቤቱን እያደሱት ነው መሰለኝ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አጠያይቃለሁ። ለመሆኑ የዚያን ቀን ጣቶችሽን አልደነዘዘሽም? ትንሽ እንኳ? አስቢ እስቲ።

አጎትሽ


ኅዳር 11

ለጋሼ፤

ጤናዎ ይብዛ፣ ዕድሜዎ ይርዘም። አንድ ወረቀት ለመንኩ፣ አራት ገጽ እርግማን ላኩልኝ። እርግማኑ አንጀቴን አርሶታል፣ አልዋሽም። ጮክ ብዬ አብራኝ ለምትኖረው ጓደኛዬ አንብቤላት ስቀናል። ኮሚቴው ፊት ግን እርግማን ማስረጃ አይሆንም።

የጠየቁኝን ልመልስ፦ ጣቴን አልደነዘዘኝም። ከንፈሬንም አልወረረኝም። ምንም አልተሰማኝም! የሆንኩት ነገር ቢኖር ደስ ማለቴ ነው፣ እሱንም በኋላ ነው ያወቅሁት።

ሥራ ከፈታሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ጠዋት ዩኒፎርሜን እተኩሰውና መልሼ እሰቅለዋለሁ። ካፒቴኑ እየበረረ ነው። ትናንት መንገድ ላይ ሲያየኝ «አይዞሽ፣ ያልፋል» ብሎኝ አለፈ። እስክሪብቶዬን እስካሁን አልመለሰልኝም።

መዝገብ ቤት ይታደስ ይፈርስ አላውቅም፣ በሩን ይስበሩት። ለታኅሣሥ 12 ይድረስልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 27

ልጄ፤

ፈጣሪ ያግዝሽ። ወረቀቱ ይኸው። ሌላ መንገድ ካለ ግን ባታሳዪው እመርጣለሁ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ብርድ ብርድ ብሎኛል፣ ብዙ አልጽፍም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 16

ለጋሼ፤

ብርዱ እንደተወዎት ተስፋ አለኝ። የእኔ ሰላምታ በዚህ ያበቃል።

ወረቀትዎ ደረሰ፣ ኮሚቴው ፊት በኩራት አቀረብኩት። የድርጅቱ ጠበቃ ተቀበለኝና መነጽሩን አድርጎ አነበበው። «ሦስተኛው ደቂቃ ከሠላሳ ሴኮንድ ላይ ጣቴን ደነዘዘኝ። ምልክቴን ለይቻለሁ። ጭምብሌን በራሴ እጅ አድርጌያለሁ።» ከዚያ ወደ ኮሚቴው ዞሮ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲህ ይህች ሴት ምልክቷን በደንብ ታውቃለች። እያወቀች ጭምብሏን አላደረገችም። ስለዚህ ነገሩ የሰውነት ድካምም አይደለም፣ ቸልተኝነት ነው።» ደካማ ብለው ጀመሩ፣ አሁን ደግሞ ወንጀለኛ ሆንኩ። ጥሩምባው ይህን ሁሉ ጊዜ ተቀምጦ ይስቅብኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት እውነት ነው፣ ያ ወረቀት አንገቴን ይዞኛል።

ማታ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አየሁት። ከታች ያለው ፊርማ የእኔ ነው፣ በርሜሉ ከመዘጋቱ በፊት «ሁላችሁም ፈርሙ፣ በኋላ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል» ብለውን ባዶው ላይ ነው የፈረምነው። የቁጥር መዓቱም የእኔ ነው። ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ እያለ አርባ አራት ላይ ይቆማል። አንድ ስህተት የለበትም። ጋሼ፣ አንጎሉ አየር ያጣ ሰው እንዲህ አድርጎ ይቀንሳል? አራቱ ኩርሲ ላይ የተቀመጡት ጓደኞቼ ቁጥራቸው ተንጋዶ፣ መስመር ለቆ ነበር የወጣው። ስንስቅባቸው ትዝ ይለኛል።

የጣት መደንዘዙን የጻፈው ግን የእኔ እጅ አይደለም። ያ «ደ» ሆዱ የተነፋው ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የእርስዎ «ደ» ነው። የማስታውሰው ሌላ ነገርም አለ። አርባ አራትን ጽፌ ቀና ስል ከኋላዬ እጅ መጥቶ ጭምብሉን ፊቴ ላይ አደረገው። ጎበዝ ስለሆንኩ ቶሎ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ኮሚቴው ቀጠሮውን ወደ ሚያዝያ 15 ገፍቶታል። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፣ አንድ መልስ ይበቃኛል። ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው ጭምብሉን ያደረጉልኝ?

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 1

ጋሼ፤

አርባ አምስት ቀን። ፖስታው ደርሷል፣ ፈርመው እንደተቀበሉ አጣርቻለሁ። እናቴን በስልክ ስጠይቃት «ደህና ነው፣ ምሳውን ይበላል፣ በረንዳ ላይ ይቀመጣል» አለችኝ። ምሳ የሚበላ እጅ እስክሪብቶ ይይዛል።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 20

ልጄ፤

ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። በምን አፌ? ጤና ይስጥሽ፣ እሱ ብቻ ከልቤ ነው።

ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ከዚያም አሥር ሴኮንድ ቢያልፍ ነው።

ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ተማሪ በርሜሉ ውስጥ ወደቀ። እጅ እግሩ ተንፈራገጠ፣ ምላሱን ነከሰ፣ ደም ወጣው። ኋላ ደህና ሆነ፣ ሐኪሙም «ያጋጥማል» አለ። እኔ ግን ማታ ቤት ገብቼ ለእናትሽ ነገርኳት፣ ምን ዐይነት ጅል ነኝ! እናትሽ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። «አንድ ናት። ሌላ የለኝም። አደራህን፣ ከአንተ እጅ ነው የምቀበላት» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

በሳምንቱ አንቺ ጭምብልሽን አወለቅሽ። ትስቂ ነበር፣ ለጓደኞችሽ ምላስሽን ታወጪ ነበር። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከንፈርሽ ጠቆረ። ልጄ፣ የስንቱን ከንፈር ሲጠቁር አይቻለሁ፣ ቆጥሬም አልጨርሰው። የአንቺን ማየት አቃተኝ። አእምሮዬ «ተው፣ ገና ነው፣ ምንም አላወቀችም» ይለኛል፣ እጄ ግን ቀድሞኝ ሄደ። በኋላ ወረቀቱን ባዶ ትቼ ብመልሰው ያስደግሙሽ ነበር። ስለዚህ የራሴን ምልክት ጻፍኩበት። የጣት መደንዘዝ የእኔ ነው፣ ወጣት ሳለሁ ከዚያ በርሜል ያገኘሁት።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። ይህ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር። ጠበቃ ያዢ፣ በጥሩምባው በኩል ተከራከሪ፣ እሱ ብቻውን ይበቃል። እዚህ እኮ የድሮ ተማሪዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ኮፍያቸውን ያነሣሉ። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

አጎትሽ


መጋቢት 8

ለአጎቴ፤

ጤና ስለተመኙልኝ አመሰግናለሁ፣ ለእርስዎም እንዲሁ።

ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ አለቀስኩ። ከንፈሬ ላይ ስደርስ። ከዚያ «በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር» የሚለው ላይ ደረስኩና እንባዬ ደረቀ።

ሁለት ደቂቃ፣ ጋሼ! በርሜል ውስጥ፣ ሐኪም በመስኮት እያየኝ፣ እርስዎ ከጀርባዬ ቆመው፣ ከንፈሬ ለሁለት ተጨማሪ ደቂቃ ቢጠቁር ምን እሆን ነበር? ራሴን ያመኝ ነበር። ኩርሲው ላይ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር። ጓደኞቼ ለሳምንት ይስቁብኝ ነበር። አበቃ! እርስዎ ከዚያ አዳኑኝና ማንም በማያየኝ ቦታ፣ ሃያ አራት ሺህ ጫማ ላይ፣ ራሴን ሳላውቅ አስቀመጡኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ሰው የጫነ ወንበር ቢሆንም ጎማ የጫነ ሣጥን ቢሆንም፣ ምልክቴን አውቃለሁ እያልኩ ስበር ኖርኩ። በየዓመቱ ቅጽ ላይ «ምልክትሽን ታውቂያለሽ?» ይላል፣ «አዎ» እላለሁ። ያቺ ሴትዮ በሬዲዮ ባትጮህብኝ እኮ እናቴ ከእርስዎ እጅ የምትቀበለኝ በሣጥን ነበር። ይሄ ነው አደራ?

የድርጅቱን ሐኪም በርሜሉን ልዝጋበት ብለው ነበር። ያ ሐኪም በአንድ ነገር ከእርስዎ ይሻላል፣ እኔን አይወደኝም። የሚጠላኝ ሰው ቢጎዳኝ ይገባኛል። በፍቅር የተደረገብኝን ግን ማንን ከስሼ ልገላገል?

ድርጅቱ ጥሩምባው መበላሸቱን እያወቀ «በሚቀጥለው ጥገና ይታያል» ብሎ ፈረመ። እርስዎም እያወቁ ፈረሙ። ልዩነታችሁ እርስዎ ጋሼ መሆንዎ ብቻ ነው። ኮፍያ ከሚያነሡልዎት ተማሪዎች መሐል ምልክቱን የማያውቅ የለም ይበሉኝ እስቲ! እኔ ብቻ ነኝ ወይስ ሌላም የጠቆረ ከንፈር ማየት ያቃተዎት ጊዜ ነበር? ስንት ነን?

የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ነው። የሆነውን ሁሉ በእጅዎ ጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ለኮሚቴው ይላኩ። ለሌሎቹም ይንገሯቸው፣ ካሉ። አሁን በዚህች ሰዓት ከመካከላቸው አንዱ ሰማይ ላይ ሊሆን ይችላል።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 29

ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ልቦናሽን ያሳርፍልሽ፣ የእኔን ተዪው።

ዘጠኝ ናችሁ።

ከአንቺ በፊት ማንም አልነበረም። እጅ አንዴ ከለመደ ግን ምክንያት አያጣም። የጎረቤታችን ልጅ መጣ፣ አባቱ ከበርሜሉ ደጅ ቆሞ «አደራ» አለኝ። ለአንቺ ያደረግሁትን ለእሱ ብነፍገው አድልዎ መሰለኝ። ከዚያ የአለቃዬ የወንድም ልጅ፣ ከዚያ አስም የነበረባትና ደብቃ የገባች አንዲት ልጅ። ሌሎቹን ስማቸውን ጭምር ለብቻ ጽፌያለሁ። ለሁሉም የጣት መደንዘዝ ነው የጻፍኩላቸው። ዘጠኝ ሰው አንድ ምልክት ሲኖረው ያየ ተቆጣጣሪ አለመኖሩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው።

ደብዳቤሽን ይዤ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። አዲሱ ኃላፊ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። ጆሮዬ ላይ ጮኾ «አባባ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነገር ነው። ማን ይጠይቀናል? እርስዎም ጡረታዎን ይብሉ፣ እኛም ሥራችንን እንሥራ» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቢለኝ ኖሮ እጁን እስም ነበር። የዚያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን ስመታው ሻዩ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰበት። «ሰማይ ላይ ያሉ ልጆች ናቸው!» አልኩት። «የድሮ አይደሉም፣ ዛሬ ጠዋትም በረዋል!» ጸሐፊዋ ሮጣ ገባች። በድንጋጤዋ መሐል ማኅተሙን ያመጣችው እሷ ናት፣ ትባረክ።

ቤት ገብቼ ለእናትሽ ነገርኳት። ሦስት ቀን ምግቤን አስቀምጣልኝ ዞር ትላለች። በአራተኛው ቀን መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። «እኔ አደራ ያልኩህ እንድታስተምራት ነው እንጂ እንድትሸነግላት ነው?» አለችኝ። ከዚያ «በል ስማቸውን አምጣ፣ አንተ እንደሁ ስልክ አትሰማም» አለችና ስልኩን አነሣች። እሷ ስትደውል እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የሚሉትን ጮክ ብላ ትደግምልኛለች። የጎረቤታችን ልጅ ተሳደበ፣ ስድቡን ሳታስቀር ነገረችኝ። አንዱ መብረር ትቶ የቀለም ሱቅ ከፍቷል፣ ከት ብሎ ሳቀ። አስም ያለባት ልጅ «ሁለት ልጆች አሉኝ» ብላ ዘጋችው። ሁለቱን እስካሁን አላገኘናቸውም፣ ዛሬም እንሞክራለን።

ማኅተም ያለበት ቃሌ ከዚህ ጋር አለ። አንድ ቃል አላለዘብኩም። ይቅርታ ስጪኝ ልልሽ ነበር፣ እሱንም ተውኩት። ደግሞ ከአንቺ የምጠይቀው ሌላ ነገር አለኝ ብዬ እንዳላፍር።

አጎትሽ


ግንቦት 11

ለጋሼ፤

እንዴት ከረሙ? ወገብዎን እንዳይበርደው፣ በረንዳው ላይ ብዙ አይቀመጡ። እናቴን በስልክ አግኝቻታለሁ፣ ሁለቱ የቀሩት እንደተገኙ ነግራኛለች። ያ የምስራች ለእኔም የምስራች ነው።

ቃልዎ ኮሚቴው ፊት ሲነበብ ቆሜ ነው የሰማሁት። ጠበቃው ሊያቋርጥ ፈልጎ ሰብሳቢዋ «ዝም በል» አለችው። «ሽማግሌው በስተርጅና ራሱን አጋልጦ የጻፈውን ያህል ድርጅታችሁ ስለ ጥሩምባው አንድ መስመር መጻፍ አቅቶታል» አለቻቸው። ጥፋቱ በድርጅቱ ላይ ተፈረደ። ካፒቴኑም ለጊዜው ከበረራ ተነሥቷል። ደስ ያላለኝ አንድ ነገር፣ የድርጅቱ ሐኪም እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። ስለ ወር አበባው ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ለእኔ ደግሞ «በርሜል ውስጥ እንደገና ትግባ፣ ሙሉውን ትጨርስ፣ ከዚያ ፈቃዷ ይመለስ» አሉ። ባለፈው ማክሰኞ ገባሁ። ሁለት ሰዓት በር ላይ አስቆሙን። የተሰጠኝ ጭምብል ማሰሪያው የተበጠሰ ነበር፣ ቀይሩልኝ ብል አስተማሪው «ለአምስት ደቂቃ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ። የጥሩምባው ነገር ትዝ ብሎኝ ጮኽኩበት። ቀየረልኝ። ተናድጄ ገባሁ፣ ተናድጄ ኩርሲው ላይ ተቀመጥኩ፣ እየተናደድኩ መቀነስ ጀመርኩ። ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ። ከኋላዬ የመጣ እጅ አልነበረም።

ስወጣ የተቀረጸውን ቪዲዮ አሳዩኝ። ወረቀቴ ላይ ስልሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ ዘጠኝ እያልኩ ሰባት ጊዜ ጽፌያለሁ። ጣቴን አልደነዘዘኝም። ከንፈሬን አልወረረኝም። አራተኛው ደቂቃ ላይ ቀና ብዬ ያንን አስተማሪ አየዋለሁ፣ ፊቴ ፈክቷል። «ምን ይሰማሻል?» ሲለኝ «ምንም፣ አንተ እኮ ጥሩ ሰው ነህ» አልኩት። ጋሼ፣ ያንን ሰውዬ! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔ ግን የበረራው ቀን ትዝ አለኝ። የዚያን ቀንም እንዲህ ነበር እኮ። በእስክሪብቶዬ ስንጨቃጨቅ ተነሥተን፣ ሃያ አራት ሺህ ላይ ካፒቴኑ ሲያንጎራጉር ሳየው «ምን ያለ ደግ ሽማግሌ ነው» ብዬ አስቤ ነበር። ንዴቴ የት እንደሄደ አልጠየቅሁም።

ቅጹ ላይ በገዛ እጄ፣ ከወጣሁ በኋላ፣ እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ «ምልክቴ፣ ንዴቴ ይጠፋል።» አስተማሪው እንደዚህ ያለ ምልክት አይቶ አያውቅም፣ እርስዎም እንዳላዩ እገምታለሁ።

ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እናደድብዎታለሁ፣ ደረጃ ስወጣ እናደድብዎታለሁ፣ አሁንም እየጻፍኩ ተናድጃለሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያ በረራዬ ነው። ከፍታው ላይ ስደርስ እርስዎን አስባለሁ። ከተናደድኩብዎት አየሩ ደህና ነው ማለት ነው። ድንገት ደግ ሰው ሆነው ከታዩኝ ግን፣ ሌላ ነገር ሳላስብ ጭምብሌን አደርጋለሁ።

የእህትዎ ልጅ